በአንደበቴ ተቀጥሬ በጆሮዬ ሠለጠንኩ

ዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ኩርፊያም አላወጋችሁም። ወጋችን ስለ እንጀራ ነው።

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ነገር አዘንብለዋል። «የጥሪ ማዕከል ቅጥር ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?»፣ «ሥልጠናው ከባድ ነው ይባላል»፣ «ሥራው ቀኑን ሙሉ ስድብ መጠጣት ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ትላላችሁ። ሳታውቁት ትክክለኛዋን ሰው ነው የጠየቃችሁት። እኔም ከአምስት ወር ወዲህ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ «ምን ልርዳዎ?» ከሚሉት አንዷ ሆኛለሁ። ምን ላድርግ? ጽሑፌ በየሳምንቱ ይወጣል፤ ክፍያው ግን በየሳምንቱ አይወጣም።

ድርጅቱን በስም አልጠራም። የደንበኛ ምስጢር ላለማውጣት የፈረምኩት ወረቀት ስላለም፣ የማነሳቸውን ሰዎች ማንነት የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ለውጫለሁ።

ለቸኮለ ሰው መልሴን ላስቀድም። ሥራው ሲያዩት መናገር ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን መስማት ነው። ስድቡም አለ፣ አልዋሻችሁም። ስድቡን የሚችለው ግን ጥርሱን ነክሶ የሚታገሠው ሳይሆን በደንብ የሚሰማው ሰው ነው። እንዴት? ከቅጥሩ ልጀምርላችሁ።

ድምፅ ሲፈተን

ማስታወቂያው የጠየቀው 12ኛ ክፍል ማጠናቀቅን፣ ኮምፒዩተር መጠቀም መቻልንና «ጥሩ የመግባባት ችሎታ»ን ነበር። ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ ለሚችል ቅድሚያ ይሰጣል ይላል። የሌላ ቋንቋ ችሎታ ያላችሁ ልጆች፣ እንደ ቀላል ነገር አትዩት። እኛ ዘንድ ሁለተኛ ቋንቋ ያለው ሰው ባለ ዲግሪውን ጥሎ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፈተናው አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ የሚነገረንን እየሰማን መጻፍና ከተቆጣ ደንበኛ ጋር መነጋገር ነው። የተቆጣው ደንበኛ ፈታኙ ራሱ ነው። «ሦስት ቀን ሙሉ ስደውል የት ነበራችሁ?» ብሎ ሲያፈጥ ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ «ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ገብተሻል» አለኝ። እኔም በድምፄ ተቀጠርኩ ብዬ ወደ ቤቴ እየዘፈንኩ ሄድኩ።

ሥልጠናው አራት ሳምንት ፈጀ። አንደኛው ሳምንት የድርጅቱን አገልግሎቶች መሸምደድ ነው። ሁለተኛው ሲስተሙን፤ የቱ ጋ ተጭነን የደንበኛውን መዝገብ እንደምናወጣ። ሦስተኛው ስክሪፕት የሚባለው ነው፤ ምን ብለን እንደምንጀምር፣ ምን ብለን ይቅርታ እንደምንጠይቅ፣ ምን ብለን እንደምንሰናበት። አራተኛው ሳምንት ከነባር ሠራተኛ ጎን ተቀምጦ፣ ሁለተኛ ማዳመጫ አድርጎ፣ ትንፍሽ ሳይሉ ማድመጥ ነው። ይኸ የመጨረሻው ሳምንት የሚሰለች ይመስላል። ሥልጠናው ግን እሱ ነው። ስልካችሁን እየነካካችሁ አታሳልፉት።

ከወንዶች ወደ ሴቶች

አሠልጣኛችን ጨዋታ አዋቂ ናቸው። አንድ ቀን «የመጀመሪያዎቹ የስልክ ኦፕሬተሮች እነማን ይመስሏችኋል?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም «ሴቶች!» አልን። ተሳስተናል። አሜሪካ ውስጥ ሥራው ሲጀመር ማዞሪያው ላይ የተቀመጡት ከቴሌግራፍ ቤት የመጡ ጎረምሶች ነበሩ። ደንበኛ ሲቆጣ መልሰው ይቆጡታል፤ ሲላቸው ያላግጡበታል። ኋላ ነገሩ ሲያስቸግር እ.ኤ.አ. በ1878 ቦስተን ከተማ ውስጥ ኤማ ነት የምትባል ሴት ተቀጠረች። በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር እየተባለች ስሟ የሚነሳው እሷ ናት። በሥራው ላይም ከ30 ዓመት በላይ ቆይታለች።

ከዚያ ወዲህ «የሴት ድምፅ ያረጋጋል» የሚለው ነገር ከሥራው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ይኸ ለእኛ ለሴቶቹ እንጀራም ጣጣም ይዞልን መጥቷል። ማታ ማታ የሚደውል አይጠፋም። «አንቺ፣ ድምፅሽ ሲያምር! የት ሰፈር ነሽ?» ይላል። አንዳንዱማ አፉን ጨርሶ ይከፍታል። እኛ የተማርነው አሠራር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወደ ጉዳዩ መመለስ፤ ሁለተኛ «እንዲህ ከቀጠሉ ጥሪውን እዘጋለሁ» ብሎ ማስጠንቀቅ፤ ሦስተኛ መዝጋትና ለተቆጣጣሪ ማስመዝገብ። የእናንተ ድርጅት ሌላ አሠራር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሥልጠና ላይ እጃችሁን አውጡና «ጥሪ መዝጋት የምችለው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያፍራል የምትሉ ካላችሁ አትፈሩ፤ ያን ቀን ዝም ያለች ልጅ ማታ ለብቻዋ ስታለቅስ ነው የምትገኘው። ጨዋ መሆን ማለት ሁሉን መዋጥ ማለት አይደለም።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሒሳብ

ከሥልጠናው ሁሉ ያልረሳሁት አንድ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ትምህርት ቤትም አልወድ ነበር፤ ይኸን ግን ወድጄዋለሁ።

አሠልጣኛችን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። በሰዓት 100 ጥሪ ይገባል እንበል። እያንዳንዱ በአማካይ 5 ደቂቃ ይፈጃል። መልስ የሚሰጡ 10 ሰዎች ቢቀመጡ አንድ ደዋይ በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጠብቃል። «አሁን አንዷ ቀረች፤ 9 ሆናችሁ። ስንት ይጠብቃል?» አሉ። እኛም «ትንሽ ይጨምራል፤ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው» አልን። እሳቸው ፈገግ ብለው «ወደ 6 ደቂቃ ይጠጋል» አሉን። ጉድ!

ምክንያቱን ልንገራችሁ። 100 ጥሪ በ5 ደቂቃ ሲባዛ 500 ደቂቃ ሥራ ነው። 10 ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ 600 ደቂቃ አላቸው፤ 100 ደቂቃ ትርፍ ይቀራል። 9 ሰዎች ያላቸው 540 ደቂቃ ነው፤ የሚተርፈው 40 ብቻ። ጥሪ ደግሞ ተራ ጠብቆ አይመጣም፤ አንዴ ጭር ይላል፣ አንዴ እንደ በልግ ዝናብ ይወርዳል። ትርፉ ሲሳሳ ሰልፉ ይረዝማል። ይኸን ስሌት የቀመረው አግነር ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 እና በ1917 ያሳተማቸው ጽሑፎች ዛሬም ድረስ ጥሪ ማዕከሎች ስንት ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ለማስላት ያገለግላሉ።

ሒሳቡ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ሻይ እረፍታችን ለምን በደቂቃ እንደሚቆጠር ገባኝ። ንቀት ይመስለኝ ነበር፤ ሰልፍ ነው። ቢሆንም ሰውነት ሒሳብ አያውቅም። ሽንት ቤት ለመሄድ ማንን እንደምታስፈቅዱ፣ ሰው ሲቀር ማን እንደሚተካ ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ ውኃም ከአጠገባችሁ አይጥፋ። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። እኔ «ምን ልርዳዎ?» ከማለቴ በፊት ሰውዬው 6 ደቂቃ ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቷል። ቁጣው የተጠራቀመው እኔን ሳያውቀኝ ነው።

ምሩቋና ረዳቱ

ከእኛ ጋር አንዲት የማኔጅመንት ምሩቅ ነበረች። በጽሑፍ ፈተና አንደኛ፣ ስክሪፕቱን እንደ ዳዊት የደገመች። አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ነበር፤ ለዓመታት የታክሲ ረዳት ሆኖ የሠራ። ስክሪፕቱን ሲያነብ ይደናቀፋል፤ «ሳሪስ፣ ሳሪስ!» እያልን እናበሽቀው ነበር።

የቀጥታ ጥሪ ስንጀምር ምሩቋ በአራተኛው ቀን ለቀቀች። አንድ ደዋይ በእናቷ ሰድቧታል። ሰነፍ ስለሆነች እንዳይመስላችሁ። እሷ ራሷ ስትነግረኝ፣ ሰውዬው ከሰደባት በኋላ የተናገረውን ቁጥር ሦስት ጊዜ አስደግማዋለች። ጆሮዋ ስድቡ ላይ ቀርቶ ቁጥሩን መያዝ አቃታት። እሱም በዚያው ባሰበት። ቀጣዩን ደዋይ ስትቀበል ያኛውን ደዋይ ተሸክማ ነው።

ረዳቱስ? እሱ ዛሬም ከእኛ ጋር አለ፤ ከሁላችንም ይሻላል። «እንዴት ቻልከው?» ስለው ሳቀብኝ። «ታክሲ ላይ ሰው ሲሰድበኝ እኮ እኔን አይደለም የሚሰድበው። አንድ ሰዓት የቆመበትን ሰልፍ ነው። እኔ በሩ ላይ ስለተገኘሁ ነው» አለኝ። አያችሁ? አሠልጣኛችን በሒሳብ የነገሩንን እሱ ከሜክሲኮ ሳሪስ ሲመላለስ ተምሮታል። ሰው ሲጮህ እሱ የሚያደምጠው ጩኸቱን ሳይሆን ከጩኸቱ ሥር ያለውን ነው። ካርዱ ተቆርጧል? ገንዘቡ ጠፍቷል? መንገድ ላይ ነው? ያን ያገኘ ዕለት ስድቡ እንደ ታክሲ ጡሩምባ አልፎ ይሄዳል።

«ክቡር ምናምኑን ተይው ልጄ»

ስለ ስክሪፕቱ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ስክሪፕት ክፉ ነገር አይደለም። ሲጨንቃችሁ የምትደገፉት ምርኩዝ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ሰው «ክቡር ደንበኛችን» በሉ ይላል። የእኛ አገር እናቶች ሲደውሉ እንዴት እንደሚጀምሩ ታውቃላችሁ። «ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ እንዴት ይዞሻል?» ይላሉ። ሰዓቱ ይቆጥራል። እኔ «ክቡር ደንበኛችን፣ ምን ልርዳዎ?» ስል አንዷ እናት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ክቡር ምናምኑን ተይው ልጄ፤ ነገሬን ስሚኝ።»

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ላይ እንደ ስክሪፕቱ «ክቡር ደንበኛችን» እላለሁ፤ ድምፃቸውን ስሰማ ደግሞ «እሺ እናቴ» እላለሁ። ጥሪ የሚገመግሙት ሰዎች 5 ነጥብ ይቀንሱብኛል። ይቀንሱ። 5 ነጥቧ ለእናቶች መታሰቢያ ትሁን።

11 ደቂቃ

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሦስተኛው ሳምንቴ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። አንዲት ሴት ደወለች። ጉልት ነው የምትነግደው። ዕቁቧ ወጥቶላት 4,300 ብር ስልኳ ላይ ባለው ሒሳብ አስቀምጣ ነበር፤ ጠዋት ስታየው ባዶ ነው። አልጮኸችም። «ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብበት ነበር» ብላ ዝም አለች። እሱ ዝምታ ከስድብ ሁሉ ይከብዳል፤ ስድብ ምላሽ አለው፣ ለዝምታ ስክሪፕት የለም።

ሲስተሙ ላይ ሳየው ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው ተልኮ ወጥቷል። ጠየቅኳት። ማታ አንድ ሰው ደውሎ «ከድርጅቱ ነው፤ ሽልማት ደርሶሻል፤ ለማረጋገጥ የምስጢር ቁጥርሽን ንገሪኝ» ብሏታል። ነገረችው።

እንግዲህ አሠራሩ ግልጽ ነው። ሒሳቡን ማገድ፣ አቤቱታውን መመዝገብ፣ ቁጥር መስጠት፣ ፖሊስ ጋ እንድትሄድ መንገር። ሁሉንም በ5 ደቂቃ ጨረስኩ። ማለት የቀረኝ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብቻ ነው። አልኩት። እሷም መልስ ሳትሰጥ ማውራት ጀመረች። ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ደወለው ሰው ድምፅ ትሕትና። ስክሪኔ ላይ ያለው ሰዓት ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ። አላቋረጥኳትም። በመካከል እንደ ዋዛ እንዲህ አለች፦ «ቁጥሩንም እንዳልረሳው ብዬ የባንኩንም ያንኑ ነው ያደረግኩት። ማታ መልሼ እደውላለሁ ብሎኛል።»

ብድግ አልኩ። ሰውዬው ሁለተኛውን ሊወስድ ቀጠሮ ይዟል ማለት ነው። «እናቴ፣ አሁኑኑ፣ ዕቃዎን ለጎረቤት አደራ ይስጡና ባንክዎ ይሂዱ። ቁጥሩን ያስቀይሩ። ማታ ሲደውል አያንሱለት» አልኳት። «እሺ» ብላ ዘጋች። 11 ደቂቃ።

በማግስቱ ተቆጣጣሪያችን ጥሪውን ሰምተው ጠሩኝ። «ጊዜው ቀይ ነው፤ ጥሪው ግን ትክክል ነው» አሉኝ። ቀዩ ቀይ ሆኖ ቀረ። ሴትዮዋ ባንኩ ሳይዘጋ ትድረስ አትድረስ አላውቅም። የዚህ ሥራ አንዱ ክፉ ነገር ይኸ ነው። ታሪኩን ከመሐል ትሰማላችሁ፤ መጨረሻውን ቢደወል እንኳ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። ይኸን የማይችል ልብ ያለው ሰው ከወዲሁ ይወቀው።

እግረ መንገዴን፣ ይኸን የምታነቡ ሁሉ ለእናቶቻችሁ ንገሩልኝ። እውነተኛ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም። የጠየቀ ሌባ ነው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት።

ከመፈረማችሁ በፊት

ደስታ ብዕር ያስቸኩላል። ቀስ በሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከተቀጠራችሁበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮም ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። በዚያ ጊዜ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፤ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ያዙ፦ «ሥልጠናው ከቅጥር በፊት ነው ወይስ በኋላ? ደመወዝስ አለው?» ሦስተኛም ልጨምር፦ «ብለቅ የሥልጠና ወጪ መልሺ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ?» ካለ፣ ስንት ብር እንደሆነ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ ስትሠሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በአንድ ከሦስት ሩብ ተባዝቶ ይከፈላል፤ በሳምንት የእረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ነው። ልብ በሉ፤ የሌሊት ፈረቃ ስለገባችሁ ብቻ ትርፍ ሰዓት አይሆንም፤ ከመደበኛው ሰዓት ሲያልፍ ነው። ሌሊት ለሚገቡ ሴቶች ደግሞ ሰርቪስ መኖሩን ጠይቁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ታክሲ መፈለግ ሥልጠና የለውም።

ለቤት የሚቀር ጆሮ

መጨረሻ ላይ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ወር ላይ ቤት ስገባ እናቴ ታወራኛለች፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ችግር የሰማ ጆሮ ማታ ይዘጋል። ጓደኛዬ ደውላ ስለ እጮኛዋ ስታወራ «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ልላት ምንም አልቀረኝም።

ይኸ የእኔ ብቻ አመል አይደለም። አርሊ ሆችቺልድ የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትማለች። የጉልበት ሠራተኛ ክንዱን እንደሚሸጥ፣ ፈገግታና ትሕትና የሚከፈልበት ሰውም ስሜቱን እንደሚሸጥና ድካሙም እንደዚያው እውነተኛ እንደሆነ አሳይታለች። ክንዱ የዛለ ሰው ያርፋል። እኛም ጆሯችንን ማሳረፍ አለብን።

እኔ የያዝኩት ዘዴ ቀላል ነው። ከሥራ ስወጣ ሁለት ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሙዚቃ የለም፣ ስልክ የለም። ቤት ስገባ ለእናቴ «ግማሽ ሰዓት ስጪኝ» እላታለሁ። ተስማምተናል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የምትነግረኝን ሁሉ እሰማለሁ፤ ሰዓቱም አይቆጥርም፣ ቀይም አይሆንም።

እንግዲህ «ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» ላላችሁኝ፣ ማስታወቂያውን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ፈተና ቤታችሁ ውስጥ ውሰዱ። ጎረቤታችሁ ያሉ አንዲት እናት ስለ በሽታቸው ወይም ስለ ተከራያቸው ማውራት ሲጀምሩ፣ ሳታቋርጡ፣ ስልካችሁን ሳታዩ 10 ደቂቃ ስሟቸው። ሲጨርሱ ዋናው ጭንቀታቸው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ተመዝገቡ፤ ድምፃችሁ ቢሻክርም ግድ የለም። ካልቻላችሁ ሌላ እንጀራ ፈልጉ፤ ነውር የለውም። ምሩቋ ልጅ ዛሬ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ቁጥር አይሳደብም ብላኛለች።

ሳምንት በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። የጥሪ ማዕከል ስትደውሉም፣ መስመሩን ያስረዘመው መልስ የምትሰጣችሁ ልጅ አይደለችምና እባካችሁ ቀስ በሉላት።